የታችኛው ጉድጓድ

ጥር 6፣ ሐሙስ

ዲኑ ኮሪደር ላይ ትከሻዬን ይዞ «ዘንድሮ ካልሆነ መቼም አይሆንልህም፤ ፋይልህን አስገባ» አለኝ። አብረን የተማርን ነንና ሲያሾፍም ሲያስፈራራም ድምፁ አንድ ነው። ፋይሉስ ዝግጁ ነው። ጽሑፎቼ አሉ፣ መጽሐፌ አለ፣ ሜዳው አለ። ፕሮፌሰር የሚያደርገኝ ግን ሜዳው ነው። ሌላው ማጀቢያ ነው።

ለእድገት ኮሚቴው የማደርገውን ንግግር እዚህ ልሞክረው። ከከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ አንድ ደረቅ ሜዳ አለ። ላይኞቹ አትክልት ያለማሉ፤ ታችኞቹ ከብት ያረባሉ። በውሃ ሲጋደሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። እኔ ከመሬት በታች ያለውን ውሃ አስጠናሁ፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈርኩ፤ ከሁለቱም ወገን የተውጣጣ የጋራ ኮሚቴ አቋቋምኩ። ከዚያ ወዲህ ዱላ የተማዘዘ የለም። የመጽሐፌም ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ ውሃን አብሮ የሚያስተዳድር ሕዝብ አይጣላም። ሽፋኑ ላይ የላይኞቹና የታችኞቹ ሊቃነ መናብርት ቧንቧው አጠገብ ተጨባብጠው ይታያሉ። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ተጨባበጡ ያልኳቸውም እኔ ነኝ።

«ሕዝብ አይጣላም» ይሻላል ወይስ «ሕዝብ ይፋቀራል»? የመጀመሪያው ይሻላል። ሳይንስ ይመስላል።

ጥር 9፣ እሑድ

ልጅቷ ለምሳ መጣች። እሑድ እሑድ እኛ ዘንድ ነው የምትበላው። ተማሪዬ ነበረች፤ አሁን በእኔ ሥር መምህርት ናት። ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትሠራ ከተማው ውስጥ ዘመድ ስላልነበራት ጓሮ ያለችው ክፍል ውስጥ አኖርናት። ባለቤቴ «ልጄ» ትላታለች፤ በሆዷ የያዘቻት እስኪመስል ድረስ። እኔን «ጋሼ» ብላ አንቱ ትለኛለች፤ ባለቤቴን ግን «እትዬ፣ አንቺ» ነው የምትላት። ሜዳው ላይ ያሉት ሰዎች ደግሞ «የሜትሯ ልጅ» ይሏታል። በየሳምንቱ እየሄደች ረጅሙን ሜትር ጉድጓዶቹ ውስጥ እየለቀቀች የውሃውን ከፍታ የምትለካው እሷ ናት።

ገና እጃችንን ሳንታጠብ ጀመረች።

«ጋሼ፣ የታችኛው ጉድጓድ እየወረደ ነው።»

«በበጋ መቼ ወርዶ አያውቅም?»

«እንዲህ አልወረደም። የላይኛው ፓምፕ በሠራ ቁጥር ነው የሚወርደው። ሁለት ጉድጓድ እንላለን እንጂ ውሃው አንድ ነው። በዚህ ከቀጠለ ዝናብ ሳይገባ ይደርቃል።»

ባለቤቴ ጭልፋውን እንደያዘች ቆመች። «ልጄ፣ እርግጠኛ ነሽ?»

«ደጋግሜ ለካሁት እትዬ። ተሳስቼ በሆነ ብዬ ነበር የደጋገምኩት። የላይኛውን ፓምፕ ከአሁኑ በግማሽ ከቀነስነው ግን ለሁለቱም ይደርሳል።»

ሥጋው ጠንክሮ ስለነበር ከጥርሴ ጋር ስታገል የተባለውን ሁሉ በደንብ ሰምቻለሁ ማለት አይቻልም። «በጽሑፍ ላቅርበው?» ስትል ሰማሁ። አያስፈልግም አልኳት። «እኔው አለሁ አይደል? ቤተሰብ ነን፤ ለምን በወረቀት እንነጋገራለን?» ደስ ያላት መሰለኝ። ለእሷ ብዬ ነው። ወረቀት መልሶ የጻፈውን ሰው ያንቃል።

ሥጋው ጠንክሯል ብዬ መናገሬ ግን ልክ አልነበረም። ባለቤቴ ከጠዋት ጀምሮ ስትለፋ ነበር። አንደበቴን መግራት አለብኝ።

ጥር 19፣ ረቡዕ

ጥድፊያ። የጉድጓዶቹን ወጪ የሸፈኑት ለጋሾች በየካቲት መጨረሻ ሜዳውን ሊያዩ ይመጣሉ። ዲኑ፦ «አረንጓዴ ይሁን እንግዲህ።» አረንጓዴ የሚሆነው የላይኛው ፓምፕ ሲሠራ ነው። ካልሆነ ምን ያሳያል፣ አቧራ? ግራጫውን ኮት ማሳጠብ።

ጥር 23፣ እሑድ

ዛሬም ያንኑ። ሁለት ብርጭቆ አጠጋግታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ከአንዱ ጎንጨት ስትል በሌላው ውስጥ እንደሚቀንስ አድርጌ እንዳስበው ነገረችኝ። ለአንደኛ ዓመት ተማሪ እንደሚነገር። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ከብርጭቆዎቹ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም።

በትዕግሥት አስረዳኋት። «የእድገት ኮሚቴው መጋቢት መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በፊት ሜዳው ችግር አለበት ከተባለ መጽሐፉም እኔም አበቃልን። አንቺም የምትሠሪበት ፕሮጀክት አይኖርም። ኮሚቴው ባለፈ ማግስት እኔው ራሴ ፓምፑን አስቀንሳለሁ።»

«እስከዚያ ላይደርስ ይችላል ጋሼ።»

«አንቺ ውሃ ነው የምትለኪው። እኔ ሰው ነው የምለካው። ሊደርቅ ነው ብለሽ ከነገርሻቸው፣ ሳይደርቅ በፊት ይጋደላሉ። ውሃው ሳይሆን ወሬው ነው የሚያጋድላቸው።»

ይህን እንዳልኩ ያማረ ሐሳብ መሆኑ ገባኝ። ለሚቀጥለው መጽሐፍ ይሆናል።

ብርጭቆዎቹን ወደ ቦታቸው መለሰች። «እርስዎ ካሉ» አለች። እንዲህ ያለች ልጅ ናት። ያሏትን ትሰማለች።

ከሄደች በኋላ ባለቤቴ ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «እውነቷን ከሆነስ?» አለች። ቃሌን ሰጥቻለሁ አልኳት። ውሃውን ከፈተችው። ቧንቧው ሲፈስ ከእሷ ጋር መነጋገር አይቻልም።

የካቲት 2፣ ማክሰኞ

የሁለተኛው መንፈቅ የማስተማሪያ ድልድል ወጣ። ለልጅቷ ሦስት ኮርስ ሰጠኋት። ከክፍሉ አንድም መምህር ይህን ያህል አልያዘም፤ ግን ወጣት ናት፤ ስሟ ይታወቃል፤ ለእድገቷ ይጠቅማታል። በየሳምንቱ ሜዳ መመላለሱ ለጊዜው ይቅር። ጉድጓድ ተነሥቶ የትም አይሄድም ብዬ ቀለድኩ። የሳቀው ዲኑ ብቻ ነው።

ጸሐፊዋ ለተላላኪዋ፦ «ልጅቷን ቆለፈባት።» በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባኝም። ሰው በጎ ሲያደርጉለት ክፉ ይፈልግበታል።

የካቲት 15፣ ሰኞ

ትናንት ለምሳ አልመጣችም። ባለቤቴ ሳህኗን አቅርባ ጠበቀቻት፤ ኋላም ሳህኑን ሳታነሳው አመሸች። ዛሬ ቢሮዬ መጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

ለታችኞቹ ሊቀመንበር ደውላ ኖሯል። ፓምፑ ማሳል ጀምሯል፤ ከውሃው ጋር አሸዋ ያወጣል ብሏታል። ሰውየው ውሃው ምን እንደሆነ ጠይቋት የምትመልሰው አጣች።

«ልንገራቸው ጋሼ? ምንም ሳላጋንን፤ የላይኞቹ ትንሽ ይቀንሱላችሁ ብዬ ብቻ።»

«በማን ስም?»

የልኬት ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣች።

«ልኬቱ የኮሌጁ ነው። ያለ ፈቃድ ያወጣ ሰው ከሥራ ይባረራል፤ ሌላ ቦታም አይቀጠርም። ስለምወድሽ ነው የምነግርሽ። ሌላ አለቃ ቢሆን ዝም ብሎሽ፣ ስታደርጊው ይጠብቅሽ ነበር።»

አለቀሰች። መሀረብ ሰጠኋት። ደጅ ሰው ሊሰማ ይችላል ብዬ ስለፈራሁ ድምፄ ትንሽ ከፍ ብሎ «በቃሽ» አልኳት። በዚህ ራሴን እወቅሳለሁ። ሴት ልጅ ያለው ሰው በሰው ልጅ ላይ አይጮህም። የእኔዋ እዚሁ ኮሌጅ ሕክምና ሁለተኛ ዓመት ናት፤ የመምህር ልጅ በመሆኗ አትከፍልም። አንድ ቀን አንድ አለቃ ቢጮህባትስ?

የካቲት 26፣ ዓርብ

ጉብኝቱ አማረ። ቲማቲሙ እስከ ጉልበት ደርሷል፤ ከቦዩ ውሃው ይፈስሳል። የልዑካኑ መሪ ከመጽሐፌ አንድ ዓረፍተ ነገር በቃሏ ስትጠቅስ ዲኑ በክርኑ ነካ አደረገኝ። የላይኞቹ ሊቀመንበር አንድ ቅርጫት ቲማቲም ጫነልን። ሁሉንም ነገር ያዩት ከላይኛው በኩል ነው፤ ወደ ታች ለመውረድ ጊዜ አልበቃም።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። ልንነሳ ስንል የታችኞቹ ሊቀመንበር ከሩቅ እየሮጠ ደረሰ። ትልቅ ሰው ነው፤ ሲሮጥ አያምርበትም። እኔ መኪና ውስጥ ገብቼ ነበር። መስታወቱን በጣቱ ቆረቆረ፤ አፉ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል እንጂ አይሰማም። ከፊታችን ያሉት መኪኖች ተነሥተው ነበር። ፈገግ ብዬ እጄን አውለበለብኩለት። እሱም ግራ ገብቶት አውለበለበ።

መስታወቱን ዝቅ ማድረግ ነበረብኝ። የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ነገር በልጅነቴ አባቴ ይቀጣኝ ነበር።

ቲማቲሙን ባለቤቴ ለጎረቤት አከፋፈለችው። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም።

መጋቢት 8፣ ረቡዕ

አለፈ። በሙሉ ድምፅ። ፕሮፌሰር።

ስልኬ አላርፍ ብሏል። ልጅቷም ደወለች፤ «እንኳን ደስ አለዎት» አለች፤ ቀጥላም «ስለ ፓምፑ…» አለች። ነገ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው አልኳት። ቃሌን አልረሳሁም።

መጋቢት 9፣ ሐሙስ

ሰው በሰው ላይ። ከጠዋት እስከ ማታ እንኳን ደስ አለህ። ነገ እደውላለሁ።

መጋቢት 10፣ ዓርብ

የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ምሳ ጋበዘኝ። ሰኞ።

መጋቢት 11፣ ቅዳሜ

ዲኑ ደወለ። «ተቀምጠህ ነው?» አለኝ። ቆሜ ነበር።

የታችኛው ጉድጓድ ረቡዕ ዕለት ደርቋል። ሰዎቹ ሁለት ቀን ጠበቁ። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደ ላይኛው ወጡ። ላይኞቹ ቲማቲሙ ይረገጥብናል ብለው መንገድ ዘጉ። መጀመሪያ ዱላ ነበር፤ በኋላ ጥይት። ስድስት ሰው ሞቷል። ከስድስቱ አንዱ የታችኞቹ ሊቀመንበር ነው። የላይኞቹ ሊቀመንበር ታስሯል፤ የተኮሰው እሱ ነው ይባላል።

ባለቤቴ ሳልነግራት ፊቴን አይታ አወቀች። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አለች።

«ደውለህ ነበር?»

«ለማን?»

«ስለ ፓምፑ።»

«ልደውል ነበር።»

ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችኝም። ከወለሉ ተነሽ፣ ብርድ ይመታሻል ብላት አልተነሳችም።

የመጽሐፉ ሽፋን መቀየር አለበት። በአንድ ፎቶ ላይ ገዳይና ሟች። ይህን መጻፌ ራሴን ያስደነግጠኛል፤ ግን አሳታሚው ነገ መጠየቁ አይቀርም።

መጋቢት 13፣ ሰኞ

ልጅቷ ወደ ቤት መጣች። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች። ባለቤቴ አቅፋት ሁለቱም ለረጅም ጊዜ አልተላቀቁም። እኔ ሻይ ላፈላ ብዬ ስኳሩ የት እንደሚቀመጥ አጣሁት።

«ማግስቱን ብለውኝ ነበር» አለችኝ። ክስ አልነበረም። ሰው አንድ ነገር ጠፍቶበት ዙሪያውን ሲያይ እንደሚለው ነው ያለችው።

«ሐዘን ላይ ነን፤ አሁን የመወቃቀስ ጊዜ አይደለም» አልኳት።

«እሳቸው ቤት ነበር የማድረው» አለች፤ ሊቀመንበሩን ማለቷ ነው። «ምን ብዬ ለቅሶ ልሂድ?»

እንዳትሄድ መከርኳት። አደገኛ ነው። ለደህንነቷ አስቤ ነው።

መጋቢት 16፣ ሐሙስ

ዲኑ ቢሮ። በሩ ተዘግቶ።

ሚኒስቴሩ ሦስት ሰው ያለበት አጣሪ ልኳል። ለጋሾቹ መልስ ይፈልጋሉ። ዲኑ ሻዩን እያማሰለ «ኮሌጁ አንድ ሰው መስጠት አለበት» አለ። «አንድ። ከአንድ በላይ ከሆነ ትምህርት ክፍሉ ይዘጋል።»

በሩ መዘጋቱን ዞር ብዬ አረጋገጥኩ።

«ልኬቱ በማን እጅ ነበር?»

«በእሷ።»

«አሳውቃሃለች?»

ማንኪያው ብርጭቆውን ሲነካ ይሰማል።

«በጽሑፍ ማለቴ ነው» አለ ዲኑ።

«በጽሑፍ የለም።»

«እንግዲህ» አለና ሻዩን ጠጣ።

ስወጣ የደረጃውን መደገፊያ ይዤ ነው የወረድኩት። ቁርስ አልበላሁም ነበር። በዚህ ዕድሜ ቁርስ መዝለል ሞኝነት ነው።

መጋቢት 21፣ ማክሰኞ

አጣሪው ጠራን። ረጅም ጠረጴዛ፣ በአንድ በኩል እነሱ፣ በሌላው እኔና እሷ ጎን ለጎን፤ በመካከላችን አንድ ባዶ ወንበር። ሰብሳቢዋ ጸጉሯ የሸበተ፣ መነጽሯን በገመድ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ለሁለታችንም እኩል ትሕትና አላት። ይህ አስጨነቀኝ።

ልጅቷ ሁሉንም ተናገረች። ከጥር ጀምሮ። ሁለቱን ብርጭቆ ሳይቀር።

«ለፕሮፌሰሩ ያሳወቅሽበት ደብዳቤ አለ?» አለች ሰብሳቢዋ።

«የለም። በቤታቸው ነው የነገርኳቸው፤ እሑድ ምሳ ላይ። ልጻፈው ብያቸው ነበር።»

«ፕሮፌሰር?»

እሑድ እሑድ አብረን እንደምንበላ፣ እንደ ልጄ እንደማያት፣ ስለ ብዙ ነገር እንደምናወራ ተናገርኩ። ስለ ጉድጓዱ እንዲህ ያለ ከባድ ማስጠንቀቂያ መስማቴን ግን አላስታውስም አልኩ። አላስታውስም ማለት አልሰማሁም ማለት አይደለም። ቃላቴን መርጫለሁ። ያን ቀን ሥጋው ጠንክሮ እንደነበር ግን አስታወስኩ፤ እሱን አልተናገርኩም።

ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ። የተቆጣች አልመሰለኝም። ስሌት ሲጠፋት እንደምታየው ነው ያየችኝ። ቀጥላ ወደ ሰብሳቢዋ ዞረችና «እትዬ ሰምታለች» አለች። «ባለቤታቸው። እሷን ጠይቋት። እሷ አትዋሽም።»

ለሐሙስ ጠሯት።

መጋቢት 22፣ ረቡዕ ማታ

ከባለቤቴ ጋር ተነጋገርን። የተባባልነውን እንዳለ ላስቀምጠው፤ በኋላ አስገደዳት የሚል ቢመጣ እንዳላስገደድኳት እንዲታወቅ።

ልብስ ታጥፍ ነበር። አልጋው ላይ ከፊቷ ተቀመጥኩ።

«የሰማሽውን ብቻ ተናገሪ» አልኳት። «ግን ምሳ ስታቀርቢ ወዲያ ወዲህ ስትይ ነበር። ሁሉን ሰምቻለሁ ማለትም ይከብዳል።»

«ምን እንድል ነው የምትፈልገው?»

«እውነቱን።»

«የቱን?»

ሸሚዜን ዘርግታ እጅጌውን ወደ ውስጥ አጠፈችው።

«እኔ ከወረድኩ» አልኳት፣ «ይህ ቤት የኮሌጁ ነው። ልጃችን ገና አራት ዓመት ይቀራታል። ይህን ሳልነግርሽ ብቀር በደልኩሽ ነው። ልጅቷ ወጣት ናት፣ ብቻዋን ናት፤ ሌላ ቦታ ትጀምራለች።»

«ብቻዋን ስለሆነች ይቀላታል?»

«እንደዚያ አላልኩም።»

«ብቻዋን አይደለችም ብዬ ነግሬያት ነበር» አለች። «እዚያ ጓሮ ክፍል ስትገባ። አሁን ሰው አለሽ ብያት ነበር።»

ሌላ ሸሚዝ አነሳች። በሕይወቴ ካወቅኋቸው ሰዎች ሁሉ ቅን እሷ ናት። ስለዚህ ነው መናገር የነበረብኝን ያህል ብቻ ተናግሬ የተውኩት። ከዚያ በላይ ብል ማስገደድ ይሆን ነበር።

«ልጃችን ታውቃለች?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ምኑን?»

የታጠፈውን ልብስ ሁሉ መልሳ በተነችውና እንደገና ማጠፍ ጀመረች።

መጋቢት 23፣ ሐሙስ

እኔ ደጅ ነው የጠበቅኩት። ልጅቷ ውስጥ ነበረች። የሆነውን ከአጣሪዎቹ አንዱ፣ ሲወጣ ሲጋራ እያቀጣጠለ ነገረኝ።

ባለቤቴን ጠየቋት። «ወጥ ቤት ነበርኩ» አለች። «ስለ ጉድጓድ ሲነሳ አልሰማሽም?» «ወጥ ቤት ነበርኩ።» ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቋት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ያኔ ልጅቷ ሳትጠየቅ ተናገረች አሉ። «ልክ ናት» አለች። «ሳህን ታመላልስ ነበር። አትሰማም ነበር። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፤ ተዉአት።»

ሰውየው ጢሱን ወደ ላይ እየለቀቀ፣ «ለአንተ ጥሩ ሆነ፤ ራሷ ምስክሯን ጣለችው» አለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። ታክሲ ውስጥ እንዳለች ሁሉ።

ሚያዝያ 3፣ እሑድ

ውሳኔው ወጣ። ልኬቱን ይዛ ሳታሳውቅ በመቅረቷ ከሥራ ተሰናበተች፤ በሌላ ተቋምም በመስኩ እንዳትሠራ። ውሳኔውን ሜዳው ድረስ ወስደው በሁለቱም ወገን ስብሰባ አስነብበውታል። ሕዝቡ መልስ ማግኘት ነበረበት።

ባለቤቴ ምግብ ይዛ ልጅቷ ወደ ተከራየችበት ቤት ሄዳ ነበር። ውስጥ መብራት አለ፤ በሩን ግን አልከፈተችላትም። ከውስጥ ሆና «እትዬ፣ ሂጂ፤ ተቀይሜሽ አይደለም፤ ፊትሽን ማየት ስለማልችል ነው» አለቻት። ባለቤቴ ይህን የነገረችኝ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው። ምግቡን ደጃፉ ላይ ትታው መጥታለች።

ባለቤቴ አሁን የምትተኛው ጓሮ ክፍል ነው። ወገቧን እንደሚያማት ትናገራለች፤ የዚያ ክፍል ፍራሽ ጠንካራ ነው። እውነት ይመስለኛል። ትንሽ ደክሟታል። አንድ ሰሞን ነው።

ለእኔም እሑድ ምሳ ከባድ ሆኗል። ጸጥታው ያስቸግራል። ሬዲዮ ከፍቼ እበላለሁ።

ሚያዝያ 14፣ ሐሙስ

በሬዲዮ ቃለ መጠይቅ። «የዚህ ግጭት ሁነኛ ባለሙያ» ብለው አስተዋወቁኝ። ውሃው ሳይሆን የመረጃ መታፈን ነው ያጋደላቸው አልኩ። ጋዜጠኛው ደጋግሞ ራሱን ነቀነቀ። አሳታሚው ዛሬውኑ ደውሎ ሁለተኛ መጽሐፍ ጠየቀኝ። ሽፋኑ ያለ ፎቶ ይሁን ተባብለናል።

ልጄ ከማደሪያዋ ደወለች። ሬዲዮውን ሰምታለች።

«አባዬ፣ እውነት እሷ ናት?»

«አጣሪው ነው የወሰነው፣ ልጄ።»

«አጣሪውን መች ጠየቅኩ?»

ፈተና ደርሶባታል፤ ተጨንቃለች። ገንዘብ ያንሳት እንደሆነ ጠየቅኳት። አያንሰኝም ብላ ዘጋችው። ቁርስ ትበላ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። መጠየቅ ነበረብኝ።

ግንቦት 5፣ ሐሙስ

ሚኒስቴሩ ዕርቁን እንድመራ ስለሾመኝ ሜዳው ደርሼ መጣሁ። ዝናብ ገብቷል፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ የታችኛው ጉድጓድ ውሃ አግኝቷል። ከላይኛው በኩል ቲማቲሙ ተረግጦ የደረቀበት ቦታ አሁንም ይታያል። ሰዎቹ ጨዋ ናቸው። ሁለቱም ወገን ቆሞ ተቀበለኝ። አንድ ሽማግሌ እጄን በሁለት እጁ ይዞ «ከከተማ ሰው የሐዘናችን ተካፋይ አንተ ብቻ ነህ» አለኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። የእውነት ነው።

ስብሰባው ሲበተን የሊቀመንበሩ ሚስት ወደ ቤቷ ጠራችኝ። ቤቷ ከፓምፑ ድንጋይ ውርወራ ያህል ነው። ግድግዳው ላይ የመጽሐፌ ሽፋን ተለጥፏል፤ የገዳዩ ወገን በመቀስ ተቆርጦ ባሏ ብቻ ቀርቷል፤ እጁ በአየር ላይ እንደተዘረጋ። ልጆቿ በር ላይ ተደርድረው ያዩኛል። ሴትዮዋ አላለቀሰችም። ለቅሶውን የጨረሰች ሰው ናት።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው» አለችኝ። «ወረቀቱ ሲነበብ ሰምተናል። ወረቀት ግን ብዙ ይላል። ከእርስዎ አፍ ልስማው።»

«ጠይቂኝ እህቴ።»

«ያቺ የሜትሯ ልጅ፣ ውሃው እንደሚደርቅ ታውቅ ነበር?»

ብዙ ነገር ማለት ይቻል ነበር። መንገዱን ሁሉ ሳስበው የመጣሁት ንግግር ስለ ይቅርታ ነበር። ግን የጠየቀችኝ ቀጥተኛ ጥያቄ ነው፤ ቀጥተኛ መልስ ይገባታል።

«ታውቅ ነበር» አልኳት።

ይህ እውነት ነው። ከዚህ የበለጠ እውነት በዚህ ዓመት አልተናገርኩም።

«እዚህች መደብ ላይ ነበር የምትተኛው» አለች። «ትንሿን ልጄን አቅፋ። ባሌ በስልክ ውሃው ምን ሆነ ሲላት ዝም አለች። እያወቀች?»

«እያወቀች።»

ወለሉን ተመለከተች። «እኛ የሜትሯ ልጅ ነው የምንላት» አለች። «ስሟን አናውቀውም። ስሟ ማን ነው?»

ነገርኳት።

«ከነአባቷ?»

ከነአባቷ ነገርኳት።

እንዳይጠፋት ሁለት ጊዜ ደገመችው። ከዚያ ልጆቹን ከበሩ ጠርታ ፊቷ አሰለፈቻቸውና በየተራ አስባለቻቸው። ትልቁ በአንዴ ያዘው። መካከለኛውም ያዘው። ትንሿ ግን አልቻለችበትም፤ የሜትሯ ልጅ አባት ስም ላይ ምላሷ እየተያዘ ትስታለች። እናቷ ልትቆጣት ስትል፣ ቆዪ ብዬ ዝቅ አልኩና፣ ትንሿ በደንብ እስክትይዘው ድረስ ቀስ እያልኩ ደጋገምኩላት።